ሰማያዊው የጭነት መኪና

የሴት እረፍት በኪሮሽ መቆጠር ከጀመረ አራት ዓመት ሆነው። ለየአንዳንዳችን የታደለው ኪሮሽ እጀታው ላይ ሰዓት እያበራ የሚቆጥረው ደግሞ ሮዝ ጽጌረዳን ብቻ ነው። ጽጌረዳ የሠራች ለነገ አንድ ሰዓት እረፍት ታገኛለች፤ ሌላ ነገር የሠራች ምንም የላትም። መጀመሪያ ላይ ስቀንበት ነበር። አሁን የማን ጽጌረዳ ያምራል እያልን እንኳረፋለን። ቤቴ ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም፤ የጋዝ ሲሊንደሩና የመጥረጊያው እጀታ ሳይቀሩ ጽጌረዳ ለብሰዋል።

ባለፈው ሳምንት ግን ምንም በማይቆጥረው በእናቴ አሮጌ ኪሮሽ፣ ተደብቄ፣ ሰማያዊ የጭነት መኪና ሠራሁ። ድሮ ከኮምቦልቻ ሰመራ የነዳሁት መኪና ነው፤ የተሰነጠቀ መስታወቱን እንኳ አልረሳሁም። ያሳየሁት ለትርንጎ ብቻ ነው። ትርንጎ ስድስት ዓመት አብራኝ ጎማ የፈታች ረዳቴ ነበረች። ትናንት ስታየው እንባዋ መጣ።

«እስቲ ዛሬ እኔ ጋ ይደር» አለችኝ። ሰጠኋት።

ዛሬ መለሰችልኝ። መኪናው ተተርትሮ በቦታው ሮዝ ጽጌረዳ ተሠርቷል።

«ላንቺው ብዬ ነው እቴ፤ ቢያዩብሽስ?» አለች። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

ኪሮሿ ላይ ሁለት ሰዓት ይበራል። የሌላዋን ስህተት ያረመች እጥፍ እንደሚሰጣት የማያውቅ የለም።

«በተጨመረልሽ ሰዓት ምን ልትሠሪ ነው?» አልኳት።

ያኔ ቀና አለች። ጥያቄዬ ከልቧ ግራ ገብቷት ነበር።

«ጽጌረዳ ነዋ!» አለች። «ሌላ ምን ይሠራል?»