የእንግዳው ክፍል

ከከተማው ዳር በበቀለው አዲስ ሰፈር መሬት ውድ ስለሆነ፣ ቤቶቹ ሰው ያላደረበትን ክፍል በየሌሊቱ አንድ ስንዝር ያጠብቡታል። ሻጩ ይህን ሲነግራቸው መንበረ ሣቀች። ቁልፉን እንደተረከበች የእንግዳው አልጋ ላይ ጥልፍ አንሶላዋን አነጠፈችና እንዳይቆሽሽባት ክፍሉን ቆለፈችው። በሳምንቱ ስትከፍተው ግድግዳው አልጋው አጠገብ ደርሷል።

«እማዬ መጥታ የት ልታድር ነው?» አለ ባሏ ጥላዬ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሌሊት እሷ፣ አንድ ሌሊት እሱ እንግዳ እየሆኑ ክፍሉን አቆዩት።

እናቱ በዓመቱ ከደብረ ታቦር መጡ። አንሶላውን ዳበስ አድርገው፣ «የፍቅር ቤት ያድርግላችሁ» ብለው መረቁና ተኙ።

መንበረ መኝታ ቤታቸው በር ላይ ቆመች። ባሏ አልጋው መሃል ተዘርግቷል።

«ጥላዬ» አለችው፣ «እኔ የምተኛው በየት በኩል ነበር?»