ርክክቡ እስኪያልቅ

ዘመንና ሰዓት በእጁ የሆነ አምላክ ሁሉን ያውቃል። መክብብ ደሴ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ የታመመች እናቱን ለማየት ፈቃድ ቢጠይቅ፣ አለቃው «አንተ ከሄድህ የውጭ ደንበኞቻችን ሶፍትዌር አደጋ ላይ ይወድቃል፤ አስረክበህ ትሄዳለህ» አለው።

በደወለ ቁጥር እህቱ «ተሽሏታል፤ አሁን ተኝታለች» ስለምትለው እየተጽናና ሠራ። በአፈጻጸም ምዘናውም ከባልደረቦቹ ሁሉ በለጠ። ሥራውን ባስረከበ ዕለት አለቃው ዓይኑን ሰበር አድርጎ «ጎበዝ፤ በል አሁን ሂድ» አለው።

መክብብ ለእናቱ የገዛውን ጋቢ ታቅፎ ሲወጣ፣ አጎቶቹን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቢሮው ደጃፍ ቆመው አገኛቸው።

«ጋሼ… መቼ?» አለ ታላቁን።

«ከቀበርናት ሰነበትን፣ ልጄ። ‹ሥራው እስኪያልቅ መርዶው ይቆይልኝ› ብሎ አለቃህ ለመነን።»

አንባቢ ሆይ፣ እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅ፤ ለምትወዳቸውም በሕይወት ሳሉ ለመድረስ ያብቃህ።