የቀረው አድራሻ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ የሟች ሚስቱን ፎቶዎች የያዘውን ድረ ገጽ የሠራው ቤቱ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር። አንድ ቀን ድረ ገጹን ኮንቴይነር በሚሉት የፕሮግራም ማሸጊያ ውስጥ ከነጓዙ ከትቶ ወደ ሌላ ኮምፒውተር አዛወረው። ወደ አሮጌው የሚጠቁሙትንም አድራሻዎች አስተካክሎ፣ የአሮጌውን ኮምፒውተር የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀለ።

«አባዬ፣ እማዬ ቤት ቀየረች?» አለች ትንሿ ልጁ፣ ጠዋት የተገዛላትን ቢጫ ቀሚስ እያሽከረከረች።

«አዎ፣ የኔ እመቤት። ዕቃዋ ብዛቱ፣ ወገቤን ቆረጠችው!»

እየሳቀች ወደ ጓዳ ሮጠች።

አንድ ፎቶ ግን አድራሻው ሳይስተካከል ቀርቶ፣ አሁንም የሚጠቁመው ወደተነቀለው ኮምፒውተር ነው። አባትየው ሲነካው መከፈት አልነበረበትም፤ ተከፈተ። ሟች ሚስቱ ያንኑ ጠዋት የተገዛውን ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጃቸውን አቅፋለች።

«ልጄ! የት ነሽ?» ሲል ጮኸ።

«እዚህ ነኝ፣ አባዬ» አለች፤ ድምፅዋ የመጣው ከተነቀለው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር።

እናንተም ልጅ ስትጠሩ፣ መልሱ ከየት እንደመጣ ልብ በሉልኝ፤ አደራ።