ከበሩ ውጭ ያለው ሰርዶ

መልከጼዴቅ ፉሪ ላይ ቤት ሲሠራ ከሳሎኑም ከጓዳውም በፊት ያሰበው ሣሩን ነበር። ዕድሜውን በሙሉ በሰው ግቢ ተከራይቶ፣ በሰው ቧንቧ ተሰልፎ የኖረ ሰው የራሴ የሚለው አረንጓዴ ነገር ቢመኝ አይፈረድበትም። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚለው ተረት በጊዜው ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

የዘራው የፈረንጅ ሣር ነው። አፈሩ ደግሞ መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ፣ በጋ ሲመጣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። ሣሩ ነሐሴ ላይ ውሃ ጠግቦ በሰበሰ፤ የተረፈው ጥር ላይ አረረ። መልከጼዴቅ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ከራቱ በፊት ያጠጣዋል። ውሃው በስንጥቁ ይገባና በአጥሩ ሥር ሾልኮ ከበሩ ውጭ ያለውን ሰርዶ ያጠጣል።

ያልዘሩት ሰርዶ በየካቲት ፀሐይ ለመለመ። በሰፈሩ ሌላ እርጥብ ሣር አልነበረም። ሚስቱ ሊሊ የፈረንጁን ነቅሎ ሰርዶውን ወደ ግቢ ቢያስገባ እንደሚሻል ነገረችው። አረም ቤቴ አይገባም አላት።

ጎረቤታቸው አዴ ገለቴ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ቤቱ ያረፈበት መሬት ድሮ የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። መልከጼዴቅ እንዴት አደሩ ሲላቸው መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ እሱን ያያሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። አጥንቷ የወጣ አንዲት ላም አለቻቸው። ላሟ ወደ ሰርዶው ስትጠጋ በዱላ ይመልሷታል። የገዛ ላሙን ከሣር የሚያባርር ገበሬ ለመልከጼዴቅ አልተዋጠለትም።

ጊዜው ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር አገሩን ያመሰበት 2008 ነው። ወጣቶቹ ከዓለም ገና በኩል እየጮኹ ይመጣሉ፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ መልከጼዴቅ ከረባቱን ኪሱ ከቶ በእግሩ ይመለሳል። አንድ ቀን እንዲህ ሲመለስ ከበሩ ውጭ ያለው ሰርዶ ተነጭቶ አገኘው። ከብት የጋጠው አይመስልም፤ በእጅ የተነጨ ነው። በሚቀጥለውም ሰልፍ እንደዚያው ሆነ።

መሥሪያ ቤት ሲያወራ አንድ ባልደረባው የሚቃጠል ቤት አስቀድሞ ምልክት ይደረግበታል አለው። ባልደረባው ቦሌ ነው የሚኖረው፤ ስለ ሰበታ ግን የማያውቀው ነገር የለም።

ሊሊ እስካሁን አንድ መስኮት እንኳ እንዳልተሰበረባቸው አስታወሰችው።

«ተራችን ስላልደረሰ ነዋ» አላት።

ቀጥሎ ሰልፍ ሲመጣ ቤት ነበር። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቆ አየ። አዴ ገለቴ ነጠላቸውን አደግድገው ከወጣቶቹ ፊት ቆመዋል። በእጃቸው እፍኝ ሰርዶ ይዘዋል። በሰርዶው አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ መሬቱን፣ አንዴ የእሱን በር ያሳያሉ። ምን እንደሚሉ አልሰማም፤ ቢሰማም የእሱ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። ወጣቶቹ በሩን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ሄዱ።

«መሪያቸው እሷ ናት» አላት ሊሊን። አንቱታው ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀረ።

ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ከሚስቱና ከልጁ ሌላ ያለው ይህ ቤት ብቻ ነው፤ ቢቃጠል የሚመለስበት የኪራይ ክፍል እንኳ የለውም። ስለዚህ እሑድ አሮጊቷ ለልቅሶ ሰበታ በወረዱበት ምልክቱን ሊያጠፋ ዶማ ይዞ ወጣ። ሰርዶ ቆረጡት ሲሉ የሚበዛ እልኸኛ ሣር ነው፤ መልከጼዴቅ ግን ያን ቀን ባሰ። አፈሩን ገልብጦ ሥሩን ለቀመ፣ ለቅሞ አቃጠለ፣ በላዩ ጠጠር አስደፋ። በግቢ ሥራ ዘመኑ ያሰበው ነገር ሲሳካለት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

በማግስቱ ሰልፉ መጣ። ከፊተኞቹ ይበዛል፤ ጀሪካን የያዙም አሉበት። ሰልፈኞቹ የጎዳናውን ጫፍ ሳይዞሩ በሩ ተደበደበ። ሊሊ ልጇን አቅፋ ጓዳ ገባች። መልከጼዴቅ ዶማውን ጨብጦ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ በሩን ከፈተ።

አዴ ገለቴ ብቻቸውን ናቸው። ተንበርክከው ጠጠሩን በሁለት እጃቸው ይጭራሉ፤ ጣታቸው ደምቷል። ጩኸቱ ወዲህ ዞሯል። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት።

«ሰርዶውን የት አደረግኸው?» አሉት። «እርጥብ ሣር ይዤ የመለስኳቸውን እነዚህን ልጆች ዛሬ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልለምንልህ?»