የፀጉር ሥራ ሥልጠና

“ነይ እንጂ ቡቹ፣ የተማርሽውን በእኔ ራስ አሳዪኝ!” አሉ ጎረቤታቸው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሳፋው ላይ እያጎነበሱ። ሰፈሩ በሌሉበት “ሬዲዮ” ይላቸዋል፤ ጠዋት የሰሙትን ማታ ያላወቀ የለም።

ልጅቷ የውሃውን ጆግ እንደያዘች ቀረች። “ምን ተምሬ፣ እትዬ?”

“አታካብጂ! አክስትሽ ዘንድ ፀጉር ሥራ ልትሠለጥን ሄደች ብላ እናትሽ አፏን ሞልታ ነግራናለች። ስትቆዪብን ጊዜ፣ ይቺ ልጅ መላጣ ማብቀል ነው እንዴ የምትማረው አልን።”

ልጅቷ ዞረች። እናቷ የታጠፈ ልብስ ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች።

ይቺው እናቷ ናት። ሐኪም ቤት እየመጣች፣ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ጣቶቿን እየሳመች፣ “በሽታ ነው ልጄ፣ ምን ነውር አለው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ስትላት የከረመችው። ልጅቷ ያንን ቃል ተመርኩዛ ነበር ከአልጋ የተነሣችው። ለካ ምርኩዙ ሸምበቆ ኖሯል፤ ለካ እናት ሰፈር ስትደርስ ለነውሩ “ፀጉር ሥራ” የሚል ስም ታወጣለት ኖሯል።

“ኧረ ውሃው ቀዘቀዘ!”

አፈሰሰችላቸው። ሻምፖ ቀባቻቸው። ከሐኪም ቤት የተሰጣት መድኃኒት ጣቶቿን ትንሽ ያንቀጠቅጣቸዋል።

“እጅሽ ይባረክ። ለመሆኑ መጀመሪያ ያስተማሩሽ ምንድን ነው?”

“መተኮስ ነው” አለች እናት ፈጥና። “አይደል፣ ቡቹ?” ዐይኗ ይለማመጣል።

የተፈለገው አንዲት “አዎ” ናት። አንዲት አዎ፤ ከዚያ ዕድሜ ልክ የጎረቤት ፀጉር እየተኮሱ መኖር።

“መጀመሪያ ያስተማሩኝ መተኛት ነው” አለች ልጅቷ። “ቀጥሎ መብላት። እትዬ፣ እኔ አክስቴ ዘንድ አልሄድኩም። የአእምሮ ሐኪም ቤት ነው የከረምኩት፤ መኖር አስጠልቶኝ ነበር። የተማርኩትስ እውነትም ስለ ራስ ነው። ግን የሰውን አይደለም፣ የራሴን ነው።”

ከጣቶቿ ሥር የሬዲዮ ማጅራት እንጨት ሆነ። ሳፋውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ተነሥተው መሄድ አምሯቸዋል፤ ግን አረፋ ተሸክሞ ወዴት ይኬዳል?

“ምን አደረግሁሽ?” አለች እናት በሹክሹክታ። “ገበናችንን እንዲህ አደባባይ...”

“ገበናሽ እኔ ነኝ፣ እማዬ?”

የእናቷ ኮቴ ወደ ጓዳ ሲገባ፣ በሩም ገርበብ ሲል ተሰማ።

ልጅቷ አልተከተለቻትም። ከምድጃው አዲስ ሙቅ ውሃ ቀዳች፣ ቀዝቃዛ ጨመረችበት።

“ዐይንዎን ይጨፍኑ፣ እትዬ” አለች፤ ሰው ራስ ላይ ከማፍሰሷ በፊት ግን በገዛ ክንዷ ላይ ጠብ አድርጋ ለካችው፤ ቆዳዋ ላይ ለብ ብሎ ቁልቁል ወረደ።