የተፋቀችው ዜሮ

በሶዶው የጤና መሥሪያ ቤት ለአዲሷ የመረጃ ተንታኝ ከተሰጣት ኪቦርድ ላይ የተፋቀችው ዜሮዋ ብቻ ነበረች። ምክንያቱን ለመረዳት ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ቁጥር በሚሰፍርበት ሠንጠረዥ ላይ የሁምቦ ወረዳ ቀበሌዎች ቦታ በሙሉ ባዶ ነበር፤ መኪናው ነዳጅ አጥቶ ሕፃናቱን የሚመዝኑት ሠራተኞች አልደረሱላቸውም። አለቃዋ ጋሽ ደገፉ ግን፣ «ባዶውን ዜሮ ሙዪውና እንገላገል፣ እህቴ። ከአንቺ በፊት የነበረውም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው» ብለዋት ወጡ።

ዓይኗ እየቆጠቆጣት፣ ወገቧ እየዛለ ስትሞላ ዋለች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ስትደርስ ጋሽ ደገፉ ተመልሰው ከጀርባዋ ቆሙ፤ ሠንጠረዡን አዩና ፊታቸው ፈካ።

«እሰይ። ሁምቦ ዘንድሮ አንድም የተጎዳ ሕፃን የለም። አልሚ ምግቡ ወደ ሌላ ወረዳ ይሂድ ብለን እንጻፍ።»

እየቀለዱ መስሏት ዞር ብላ አየቻቸው። አልቀለዱም፤ ዜሮውን ያስሞሏት ራሳቸው መሆናቸውን ረስተውታል።

«አልተመዘኑም እኮ፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ።

«ሪፖርቱ ዛሬ ነው የሚላከው። የሙከራ ጊዜሽም ገና አላለቀም።»

ወደ መጀመሪያው ረድፍ ወጣችና፣ በዛለ ጣቷ፣ ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ታጠፋ ጀመር።