«ሽማግሌውን ላሰናብተው ነው»

«ሽማግሌውን ላሰናብተው ነው» ትላለች ምሥራቅ።

የምልጠው ድንች ከእጄ አምልጦ አልጋው ሥር ይንከባለላል። ማን ነገራት? ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ለእሷ ገና ትንፍሽ አላልኩም። የላካቸው የአዲስ ቅዳሙ ከሰል ነጋዴ ሽባባው ነው፣ የልጅ ልጄን ምሥራቅን ለልጁ ሊጠይቅ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ዘመኑ ክፉ ነው፣ እኔም ዛሬ ነገ የምባል ሰው ነኝ። እሺ ልላቸው ቆርጫለሁ።

«የቱን ሽማግሌ?» እላለሁ፣ ድንቹን ለማንሳት እየጎነበስኩ።

«ኪዳኑን ነዋ! ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አንዴ ወደ ፊት ከሮጠ ለመከላከል አይመለስም።» ስልኳን ወደ እኔ ታዞራለች።

እፎይ። ያ የስልክ ቅርጫት ኳሷ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረዋት ከሚማሩት ጋር ሊግ አቋቁመዋል፤ እያንዳንዳቸው ቡድን አላቸው፣ የእሷ «ዘንገና» ይባላል። ተጫዋቾቹ በእውን የሉም። ፈጥሮ የሚያጫውታቸው ማሽኑ ነው፣ ስም ያወጡላቸው ግን እነዚሁ ልጆች ናቸው። የልጆቹ ሥራ መምረጥ ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ።

«ሠላሳ ስምንት ሽማግሌ ከሆነ እኔ ምን ልባል ነው? ደግሞስ ምን አጥፍቶ ነው የምታባርሪው?»

«ጡረታ ነው እንጂ እምዬ! ለሌለ ሰውም ያዝናሉ?»

«አዝናለሁ። ጋቢውን ደረብ አድርጊ፣ የእንጅባራ ብርድ ጨዋታ አያውቅም።»

ከስልኩ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ይጮኻል። ባምላክ ነው፤ በሊጉም አንደኛ፣ በአፍም አንደኛ። «ዘንገና! ፈረምሽ ወይስ ፈራሽ? ዝውውሩ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። መጨረሻ የወጣ ከሊጉ እንደሚሰናበት አትርሺ!»

መጨረሻ ያለችው እሷ ናት። ጓደኞቿ ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ከዚያ ከወጣች ከእኔ ከአሮጊቷ ጋር ቀረች ማለት ነው።

ሁለት ነፃ ተጫዋቾች ቀርተዋል ትለኛለች።

«ነፃ ማለት?»

«ውሉ ያለቀ። ማንም ያልያዘው።»

«ያልታጨ በይኛ!»

«እንደሱ ይበሉት» ብላ ትስቃለች።

አንደኛው አወቀ ነው፤ በየጨዋታው ሃያ ስድስት ነጥብ ያገባል። ሌላው ይሄይስ፤ ስምንት ብቻ። ይሄ ምኑ ያስጨንቃል?

«በይ ቶሎ በይ፣ አወቀን ውሰጂ! ሌላ ሰው ሳይቀድምሽ!»

አትቸኩልም። ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ እየሳበች፣ እንደ እህል ለቃሚ ታበጥራለች። «ሃያ ስድስት ያገባል። ግን ስንት ስቶ ነው? ከግማሽ በላይ። ሦስት ቡድን ቀይሯል።»

«መቀየሩ ምን ክፋት አለው?»

«ምንም። ግን በሄደበት ሁሉ አብረውት ያሉት ያንሳሉ። ይሄኛውን ይዩት፤ አወቀ ሳይመጣ አሥራ ስምንት ያገባ ነበር፣ ከመጣ ወዲህ ዘጠኝ። እኔ የማየው እሱ ሲገባ ሌሎቹ ምን እንደሚሆኑ ነው።»

«ይሄይስስ?»

«እሱ ሜዳ ላይ ካለ ሁሉም ይሻላሉ።»

«ታዲያ ነገር ሳይኖርበት ለቀቁት?»

«አይቻለሁ እምዬ። ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ነበር። ተመልሶ ሲጫወት አንድም ቀን አላነከሰም።»

አፌን ከፍቼ አያታለሁ። ሻይ ጥዳ የምትረሳ፣ ጃንጥላዋን ባጃጅ ውስጥ ጥላ የምትመጣ ልጅ! ለሌለ ሰው ይሄን ያህል መጠንቀቅ ከየት ተማረችው? እኔ ስዳር አባቴ የጠየቀው መሬቱንና ፈረሱን ነው። ሌላ ነገር ይጠየቃል ብሎ ያሰበም አልነበረም።

«አወቀን ወሰድኩት!» ይላል ባምላክ። «አልቅሺ!»

«ይመችህ» ትለዋለች፤ የይሄይስን ስም ተጭናም ስልኩን በሁለት እጇ ትይዛለች። ኔትወርኩ ይዞራል፣ ይዞራል። እኔ ድንቹን ታቅፌ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እላለሁ።

«ይሄይስ ፈረመ!» ብላ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች።

በሩ ይንኳኳል።

«ማን ነው?» ትላለች።

«ሽማግሌዎች ናቸው» እላለሁ። «እውነተኞቹ። ላንቺ።»

ሳቋ ይጠፋል። ስልኳን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ትገባለች።

ሦስት ናቸው። ቁጭ በሉ ስላቸው፣ እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። ትልቁ ይጀምራል፤ ልጁ አይሱዙ አለው፣ አዲስ ቅዳም ላይ ባለ ፎቅ ቤት ሠርቷል፣ ዳንግላ ላይ ሱቅ ከፍቷል። ሌላው ይቀጥላል፤ ዘሩ የታወቀ፣ ቁመናው ያማረ።

ሃያ ስድስት ነጥብ፣ እላለሁ በልቤ። ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀሁት «እሺ» ምላሴ ላይ ነው። እውጠዋለሁ።

«ሁሉም መልካም» እላለሁ። «አንድ ነገር ንገሩኝ። ይሄ ልጅ በገባበት ቤት፣ አብረውት ያሉት ሰዎች ምን ይሆናሉ?»

ትልቁ ከዘራውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው ያዛውራል።

መጋረጃው ይገለጣል። ምሥራቅ በርጩማዋን ጎትታ ከጎኔ ትቀመጥና፣ ቅድም ቁጥሮቹን ባየችበት ዓይን ሽማግሌዎቹን ታያቸዋለች። ስልኳ ከውስጥ ቀርቷል፤ ባምላክ ብቻውን «ዘንገና? ዘንገና?» ይላል።